የኦይቻ እጅ

ኦይቻ መሞቱን የነገረኝ ሙዝ የሚጭን ጎረምሳ ነው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር መናኸሪያው አጠገብ ጥላ ፈልጌ ቆሜ ነበር። «ጋሼ፣ ያ ታፔላ ጻፊው ሽማግሌ ዶርዜ ላይ ሞተ አሉ፤ ያውቁታል?» አለኝ። አውቀዋለሁ አልኩት። ጭነት ደረሰለትና ሄደ።

ታፔላ ጻፊ ይበሉት፤ ጽፏልም። የመድኃኒት ቤቱን፣ የወፍጮ ቤቱን፣ «መሽናት ክልክል ነው» የሚለውን ሁሉ የጻፈው እሱ ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር አይቼበታለሁ፤ ሳልሞት በጽሑፍ ላስቀምጠው ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ሚስት አግብቼ ልጅ ወልጄ። ስለዚህ ያማረ ነገር አትጠብቁ። ሰዎቹ የሚናገሩት በጋሞኛ ነው፤ እኔ እንደተመቸኝ በአማርኛ ጻፍኩት።

አናጢ ነበርኩ። በደርግ ጊዜ ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ ላይ፣ አንድ የመንግሥት መጋዘን ነበር፤ ግማሹ የኔ፣ ግማሹ የኦይቻ። በኔ በኩል ጣውላና ፍቅፋቂ፣ በሱ በኩል ጨርቅና የቀለም ጣሳ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከሰዓት በኋላ ላቡ ከግንባሩ ሥዕሉ ላይ ይንጠባጠባል፤ ያብስና ይቀጥላል። ስንቴ ጨረስክ ወይ ብለው «ገና ነው» ነው የሚለኝ። የተሰቀለውን ሥዕል መንገድ ላይ ቆመን እያየነው እንኳ «ገና ነው» ይላል። ቀጭን፣ ረዥም፣ ነጭ ጋዝ የሚሸት ሰው። ብሩሽ ከመያዙ በፊት ቀኝ እጁን ውሃ እንደሚያራግፍ ሰው ያራግፋል። ምንድነው የምታራግፈው ብዬ ጠይቄው አላውቅም። የሰው ሥራ ነው።

የዶርዜ ሸማኔ ልጅ ነው። የሚሥልበትን አቡጀዴ የሚያዘጋጀውም አባቱ ድሩን እንደሚያጠነክሩት ነበር። ቡላ በውሃ በጥብጦ፣ ቀቅሎ፣ ጨርቁ ላይ ይቀባና ያደርቃል፤ ጨርቁ እንደ ከበሮ ይወጠራል። እንሰት የምንበላ ሰዎች ነን፣ ሥዕሉንም እንሰት አበላው ብለን እንስቅ ነበር። ችግሩ ቡላ የደጋ ነገር ነው። አርባ ምንጭ ሙቀት ላይ ይሻግታል፣ ጉንዳንም ይወደዋል። አንድ ጊዜ ያለቀ ሥዕል ጆሮው ተበልቶ አገኘነው። ከዚያ ቡላው ላይ አመድ ጨመረበት፤ ተሰነጠቀ። የቆዳ ሙጫ ጨመረበት፤ ገማ። በመጨረሻ ትንሽ ሙጫና ብዙ ቡላ ሆኖ ያዘለት። ይህን ለማግኘት ዓመታት ፈጅቷል፤ አንድም ሰው ጎበዝ አላለውም።

በንጉሡ ጊዜ የጠጅ ቤትና የፀጉር አስተካካይ ታፔላ ይሥል ነበር። የዚያን ጊዜ እጁን ብታዩ! የሚሥለው ሰው ሁሉ የሚታወቅ ሰው ነው የሚሆነው። ሆን ብሎ አይደለም፣ እንዲሁ ከእጁ ይወጣል። አንድ የጠጅ ቤት ታፔላ ላይ ብርሌ የጨበጠ ሰው ሥሎ አንድ የቆዳ ነጋዴ እየጮኸ መጣበት።

«ሚስቴ ታፔላው ላይ አየችኝ! ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ ብያት ነው!»

«ጢም ልጨምርበት?» አለው ኦይቻ።

«ጢም ከጨመርክበትማ ታናሽ ወንድሜን ሆነ፤ እሱ ደግሞ ጴንጤ ነው፣ ጠጅ በአፉ አይዞርም!»

በመጨረሻ ኮፍያ ደፋበትና ታረቁ። እንዲህ ነበር እጁ። እያንዳንዱን ሰው ለየብቻው ያውቅ ነበር።

ከዚያ ደርግ መጣና መንግሥት ቀጠረው። ሥራው የአደባባይ ሥዕል ነው። ሦስቱን ጢማሞች ይሥላል፣ ጡንቸኛ ሠራተኛና ማጭድ የያዘች ሴት ይሥላል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሊቀመንበሩን። ትንሽ ፎቶ ይሰጡታል፤ ፎቶው ላይ በእርሳስ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ያሰምራል፤ ትልቁ ጨርቅ ላይ ክር በከሰል አሽቶ ይወጥርና ጧ ሲያደርገው መስመር ይወጣል። ከዚያ አንዱን አራት ማዕዘን ካንዱ እያየ መሙላት ነው። አፍንጫ መሆኑን ሳታውቅ አፍንጫ ትሠራለህ ይለኝ ነበር።

የሊቀመንበሩን የመጀመሪያ ሥዕል ሲጨርስ ጓድ ታምሩ የሚባለው የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ሊያይ መጣ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ብዙ ቆየ።

«ጓድ ኦይቻ፣ ለምንድነው የደከማቸው?»

«ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል፣ ጓድ።»

እኔ መላጊያውን አቆምኩ። ጓድ ታምሩ አልሳቀም። «አብዮታዊ መሪ አይደክመውም። ዓይናቸውን ቆራጥ አድርገው» ብሎ ወጣ።

ኦይቻ ቆራጥ ዓይን ምን እንደሚመስል አያውቅም ነበር። ይሥላል፤ ጓድ ታምሩ ይመጣል፣ አይ ይላል፤ በነጭ ቀለም ያጠፋዋል፤ እንደገና ይሥላል። አንዴ የተቆጣ ሆነ፣ አንዴ የፈራ ሆነ፣ አንዴ ደግሞ ራሱ ጓድ ታምሩን ሆኖ ቁጭ አለ፤ ያንንስ እኔው ራሴ ቶሎ አጥፋው አልኩት። በመጨረሻ አገኛት። ቅንድብ ወደ አፍንጫው በኩል ትንሽ ዝቅ ይላል፣ የላይኛው ቆብ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጥ ይላል፣ ብሌኑ ላይ ነጭ ነጥብ ከፍ ብላ ትቀመጣለች። «ነጥብ ናት» አለኝ፤ «ቆራጥነት ማለት ነጥብ ናት።»

ያቺን ዓይን ስንት ጊዜ እንደሠራት እግዜር ይወቀው። ለአብዮት በዓል፣ ለጉባኤ፣ ለእንግዳ መምጫ፣ ለየቀበሌው፣ ለየማኅበሩ። ኋላ ኋላ ክሩን ተወው፣ ፎቶውንም ተወው። አንድ ቀን ሊያስቀኝ ዓይኑን በጨርቅ አሥሮ ሠራት፤ ያቺው ዓይን፣ ቁጭ። እኔ በጣም ሳቅኩ። እሱ ጨርቁን ፈትቶ ሲያያት አልሳቀም። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

ኦይቻና ሚስቱ አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ማቴዎስ። ሚስቱ ባሎቴ ትባላለች፤ ብዙ የማትናገር፣ ስትናገር የማትመልሰው ሴት ናት። ልጁ ከትምህርት ሲወጣ ኩልፎ ወንዝ ዳር ካሉት እርሻዎች ሙዝ እየተሸከመ ጋሪ ይጭናል፣ ከዚያ ኳስ። ለውትድርና ያፈሱት ከኳስ ሜዳ ነው። ወሬው ሲመጣ ኦይቻ መሰላል ላይ ሆኖ ያንን ሰውዬ፣ ሊቀመንበሩን፣ እየሣለ ነበር። ወርዶ ወደ ጓድ ታምሩ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ።

«ምን አለህ?»

«ደስ ሊልህ ይገባል አለኝ።»

መሰላሉን ወጣና የጀመረውን ጆሮ ጨረሰ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ መጨረስ አለበት።

መርዶው የመጣው አንድ እግሩን ሰሜን ጦር ሜዳ ጥሎ በተመለሰ የጨንቻ ልጅ ነው። አብረው ነበሩ፤ በዓይኔ አይቻለሁ አለ። ወረቀት አልመጣም፣ ሬሳም አልመጣም። በዶርዜ ወግ ለቅሶው የሚወጣው አገር ቤት ነው፤ ዘመድ ሁሉ የለቅሶ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ሬሳ ከሌለ ልብሱ ወይም ፎቶው መሀል ይቆማል፣ በሱ ዙሪያ ይዞራል፣ በሱ ላይ ይለቀሳል። ለባዶ ሜዳ አይለቀስም። ልጁ ደግሞ ፎቶ ተነሥቶ አያውቅም። የቀረውን ልብሱን ባሎቴ ለእህቷ ልጅ ሰጥታዋለች፤ ሲመለስ ስለሚጠበው አዲስ እገዛለታለሁ ብላ።

የኦይቻ ታላቅ ወንድም ለዚሁ ጉዳይ ከዶርዜ ወረደ። ሸማኔ ነው፣ ቁጡ ሽማግሌ። «ፎቶ የለም? ታዲያ ምን ያስጨንቃችኋል? አንተ ሰዓሊ አይደለህ እንዴ?» አለው።

«እኔ እሠራዋለሁ» አለ ኦይቻ። ባሎቴ ቀና ብላ አየችው። እኔም ነበርኩ። ባሎቴ ያን ቀን ውሃ የቀመሰችው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥሩውን ጣውላዬን መርጬ ክፈፍ ሠራሁለት። ቡላውን ቀባ፣ አደረቀ፣ ሣለ። ባሎቴን ጠራናት። ሥዕሉ ፊት ቆመች።

«ይኼ የማን ልጅ ነው?» አለች።

«የኛ ነዋ።»

«የኛስ አይደለም። ልጄ ሰው እንዲህ አያይም።» ነጠላዋን አጣፋች። «ይኼን ሰውዬ ከፊቴ አንሳልኝ።»

እኔ ሄጄ በሩን ዘጋሁት። በዚያን ጊዜ ለእንዲህ ያለ ቃል ሰው ይታሠራል።

ስትወጣ ኦይቻ «ሐዘን ነው፣ ዓይኗ ፈዟል» አለኝ። እኔም ሥዕሉን አይቼዋለሁ። አፍንጫው የማቴዎስ ነበር፣ አገጩም የሱ ነበር። ዓይኑ ግን ያቺ ዓይን ነች።

በማግሥቱ ጓድ ታምሩ የአደባባዩን ሥዕል ሊያጣድፍ መጣ። በዓሉ ደርሷል። ሲዞር የልጁን ሥዕል ግድግዳው ሥር አየው። ፊቱ በራ።

«ይኼ ደግሞ የየትኛው ቀበሌ ነው? በወጣትነታቸው ሣልካቸው! ማን አስቦት ያውቃል? ቆራጥነታቸው ከልጅነት ጀምሮ ነው ማለት ነው!» ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ጎበዝ፣ ጓድ ኦይቻ!»

«አመሰግናለሁ፣ ጓድ» አለ ኦይቻ። ምን ይበል?

ሰውዬው ሲወጣ ጣውላዬ ላይ ተቀመጠ። ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ ዘርግቶ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ያየዋል። «ይኼን እጅ እንዴት ነው የምፈታው?» አለኝ። ሸማኔ የተሳሳተ ድር ሲፈታ አይቼ አውቃለሁ፣ እጅ ሲፈታ ግን አላየሁም።

ሞከረ። የሥዕሉን ዓይን አጥፍቶ እንደገና ሣለ፤ ያቺው። በግራ እጁ ሣለ፤ ጠማማ ሆነች እንጂ ያቺው። ልጁን ዓይኑን ጨፍኖ እንደተኛ አድርጎ ቢሥለው ብሎ አሰበ፤ እንደዚያ ሲያየው የሬሳ ሥዕል ሆነበትና ራሱ አላስችል ብሎት ፋቀው። ከአገጭ ጀመረ፣ ከፀጉር ጀመረ፤ ከየትም ቢጀምር መድረሻው አንድ ነው። እኔን ተቀመጥ አለኝና እኔን ሣለኝ፣ እጁ ሌላ ሰው እንዲለምድ። ሳየው በሕይወቴ ሆኜ የማላውቀውን ቆራጥ ሆኛለሁ። «ግትር ነህ ይሉኛል እንጂ እንዲህስ አይሉኝም» አልኩት። ትንሽ ፈገግ አለ። ከዚያ ወዲያ ፈገግ ሲል አላየሁትም።

አቡጀዴው አለቀ። የሣለውን እያጠበ፣ እየፋቀ፣ ቡላ እየደገመ ያንኑ ጨርቅ ይመላልሰው ጀመር። ጨርቁ እንደ ቆዳ ወፈረ። ኦይቻ ግን ከሰውነቱ ወረደ። ቀን ቀን የአደባባዩን ሰውዬ ይሥላል፣ በምሳ ሰዓት የልጁን፤ ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲያዩት ይውላሉ። ቤቱ ሲገባ ባሎቴ «ወጣ?» ትለዋለች። «ገና ነው» ይላታል። አንድ ቀን ምሳውን ልታቀብለው መጥታ እኔ ባለሁበት «ለመንግሥት በየቀኑ ፊት ታወጣለህ፤ ለልጅህ አንድ አቃተህ?» አለችው። ክፉ ሆና አይደለም። ደክሟት ነው። ምሳውን አልነካውም።

ወንድምየው እንደገና ወረደ። «ለቅሶ እንዲህ አይንጠለጠልም። አገር ይቀየመናል። ቅዳሜ ብለናል፣ ለሁሉም ተነግሯል። ይዘህ ና፤ ካልያዝክ ግን እኔ ልጁን በባዶ ሜዳ አላስለቅስም፣ ሰው እበትናለሁ፣ እወቀው» ብሎት ሄደ።

የአደባባዩ ሥዕል በዚያው ሳምንት አለቀ። አቧራ እንዳይዘው እኔ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አቆምኩት። ኦይቻ ገባ፣ ተቀመጠ፣ ያንን የዞረ ጨርቅ ማየት ጀመረ። ጀርባው ላይ የኔ ማገር፣ የኔ ምስማር፣ ቡላው ያለፈበት ቦታ እንጂ ሌላ ነገር የለም።

«ከኋላ አላውቀውም» አለኝ።

«ማንን?»

«ሰውዬውን። ከኋላው ሥዬው አላውቅም። ማንም ከኋላ ሣል ብሎኝ አያውቅም።»

ተነሣ። ያንን የወፈረ ጨርቅ ቀደደና አወጣው። ጨርቅ ከየት ታመጣለህ ስለው የራሱን አንሶላ ይዞ መጣ። ክፈፉ ላይ ወጠርንለት። ቡላ ቀባ። ክር የለም፣ ከሰል የለም። እጁንም አላራገፈም። ከማጅራት ጀመረ።

እኔ ሥራዬን ትቼ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን ተቀምጬ አየሁ። ቀስ እያለ ነው። አንገት መጣ፣ ፀሐይ ያጠቆረው አንገት። ጆሮዎቹ መጡ፣ የቆሙ፣ እንደ ጀበና እጀታ። አናቱ ላይ ፀጉሩ ሁለት ቦታ ይሽከረከር ነበር፣ እኔ ረስቼው ነበር፤ ያም መጣ። ሙዝ የሚሸከምበት ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ያለ ነው፤ ያም መጣ። ሸሚዙ ወገቡ ላይ ተሰብስቦ፣ እየሄደ ነው፣ ቸኩሏል። አንዴ ብቻ ቆም ብሎ እጁን አየው፤ ከዚያ ቀጠለ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ብሩሹን አኖረ።

«ፊቱስ?» አልኩት።

«ፊቱ እዚያ ማዶ ነው» አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ከዚያም በኋላ ደርግ እስኪወድቅ ድረስ የአደባባዩን ሰውዬ ሥሏል። የሚኖርበት ሥራ ነው፣ የት ይሄዳል? መንግሥት ሲለወጥ ግን ለሱቅም ለቤተ ክርስቲያንም የሰው ፊት ሣልልን ሲሉት እንቢ አለ። ፊደል ብቻ እጽፋለሁ አለ። ለዚህ ነው ያ ጎረምሳ ታፔላ ጻፊ የሚለው። ጎረምሳው ላይ አልፈርድም፣ የኦይቻን የዱሮ ሥዕል የወለዱት ወላጆቹ እንኳ ላያስታውሱት ይችላሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጨንቻ የሚወጣ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈርን። ባሎቴ ከሴቶቹ ጋር ቀድማ ወጥታለች፤ ሥዕሉን አላየችውም፣ አሳዩኝም አላለችም። ተስፋ ቆርጣ ነበር መሰለኝ። ቀለሙ አልደረቀም። ክፈፉን ጠርዝ ጠርዙን ይዤ ቆሜ ነው የሄድኩት። የመንገዱ ቀይ አቧራ ልጁ ትከሻ ላይ እየመጣ ይለጠፋል። ልጠርግ ስል ኦይቻ «ተው፣ መንገድ ላይ ነው» አለኝ።

ዶርዜ ጉም ነበረ። የለቅሶው ሜዳ በሰው ሞልቷል፤ ወንዶቹ ጦር ይዘው በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን። ሥዕሉን ለሱ ብዬ የጠረብኩት ቋሚ ላይ መሀል ሜዳ አቆምኩት። የገለጥኩትም እኔ ነኝ። ጉምጉምታ ተነሣ። አንድ ሽማግሌ ጮክ ብሎ «ይኼ ምንድነው? ሰው በጀርባው ይለቀሳል እንዴ?» አለ። ሌላው «ልጁ ፊት አልነበረውም?» አለ። ወንድምየው ደሙ ፈላ። ኦይቻ አጠገብ መጥቶ በጥርሱ መካከል «አዋረድከኝ። ለአገር ሁሉ ፊት ስታወጣ ኖረህ! አሁን ሰዉን እበትናለሁ» አለው። የኦይቻ ሁለቱም እጆቹ ጎኑ ላይ ተንጠልጥለዋል።

ወንድምየው ሰው ሊበትን እጁን ሲያነሣ ባሎቴ ከሴቶቹ መሀል ወጣች። ቀስ እያለች መጣች። ሥዕሉ ጋ ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት ቆመች። እጇን ዘርግታ በአየር ላይ፣ ቀለሙን ሳትነካ፣ ያቺን ዝቅ ያለች ትከሻ ዳበሰች።

«ማቴ» አለች፤ ሰው መንገድ ላይ ልጁን ሲጠራ እንደሚለው፣ ጮክ ብላ። «ማቴ! የት ነው እንዲህ የሚያስቸኩልህ? ዞር በል እስቲ።»

ጠበቀች። እውነቴን ነው፣ ጠበቀች፤ እኛም ሁላችን አብረናት ጠበቅን።

ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «አዙርልኝ» አለችው።

«አልችልም ባሎቴ» አለ። «ማዞሩን እጄ አይችልም።»

አየችው። ለብዙ ጊዜ እንዲያ ስታየው አላየሁም ነበር። እጁን ያዘችው፣ ቀኙን፣ ቀለም ያለበትን፣ ነጠላዋ ውስጥ ጨመረችው።

«ይቅር እንግዲህ» አለች። «እሱ ነው፤ እንዲሁ እናልቅስለት።»

እሷው ጀመረች።